አንድ መኪና ለአማትና ለአማች

ቲንካ ጉድጓድ በሚባለው የአውስትራሊያ በረሃ መንደር የሰልዊንን ያህል የምስክር ወረቀት የሰበሰበ ሰው የለም። መንግሥት ለሥራ ፈላጊዎች በሚሰጠው ድጋፍ ያልሠለጠነው ነገር ምን አለ? በመጋዝ መቁረጥ ሠልጥኗል፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሠልጥኗል፣ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት መንዳት ሳይቀር ሠልጥኗል። ፎርክሊፍት የሚባል ነገር ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ወዲህ ያየ የለም፤ እሱም የሠለጠነው በሥዕል ነው። ሥልጠና በሌለበት ቀን ደግሞ የኳስ ሜዳውን ይጠርጋል። ሜዳው ቀይ አፈር ነው። አፈር ጠርገህ ከሥሩ የምታገኘው ሌላ አፈር ነው፤ ጥቅሙን የላከው መንግሥት ይወቀው።

ሰነፍ ነበር የሚል ካለ ግን ከኔ ጋር ይጣላል። ጎሕ ሲቀድ መጥረጊያውን ይዞ ሜዳው ላይ ይገኛል። የሰው ጄኔሬተር ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። አደን ወጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ያየው ሰው የለም። ሥራማ ሞልቶት ነበር፤ ደሞዝ ያለው ሥራ ነው ያጣው።

ታዲያ በዚያ ዓመት ብርዱ ሲገባ እውነተኛው ሥራ መጣ። ዱሩን ለሚጠብቁት ለሬንጀሮቹ ቡድን አንድ ቋሚ ሰው ይፈለጋል ተባለ። የውሃ ጉድጓዶቹን ከዱር ግመል መጠበቅ፣ ሣሩን ወቅቱን ጠብቆ ማቃጠል፣ የአውሬውን ዱካ እየተከተሉ ማየት። ሰልዊን ሳይከፈለው ሲሠራው የኖረውን ነገር ነው እንግዲህ በደሞዝ ሥራ የሚሉት። ወሬውን ሱቁ በር ላይ ሲሰማ ደስታው አላስቆም አላስቀምጥ አለው፤ ዳቦ ሊገዛ ሄዶ ያለ ዳቦ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሚስቱ ሬሊን ግን ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ «ይሄ ካለፈህ ማዕድን ቁፋሮው ነው፣ ታውቃለህ አይደል?» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ወንድምህ አስመዝግቦሃል። እዚያ ከሄድክ ደግሞ እኔ እዚህ ብቻዬን ልጆች ይዤ አልቀመጥም። አሊስ ስፕሪንግስ፣ እኅቴ ጋ እገባለሁ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ፣ ሬሊን።»

ማዕድኑን አንድ ጊዜ ሞክሮት ነበር። የብረት ሳጥን በመሰለ ክፍል ውስጥ እየተኛ፣ የልጆቹን ፊት በስልክ እያየ፣ ከስቶና ጠቁሮ ተመለሰ። ዳግመኛ ከሄደ ቤታቸው ይዘጋል፣ ልጆቹ የከተማ ልጆች ይሆናሉ፣ እሱም እንግዳ ሆኖ ይመጣባቸዋል። ስለዚህ ያንን ሥራ የፈለገው እንዲሁ አልነበረም፤ እስትንፋሱን ይዞ ነው የፈለገው።

የሥራ ድጋፍ ቢሮውን የያዘችው ኢሞጀን የምትባል ልጅ ናት። ከታዝማኒያ፣ ከዚያ ከዝናቡ አገር፣ ከመጣች ብዙም አልቆየች። ነገር አታውቅም እንጂ ክፋት የላትም። ስትሄድ አትራመድም፣ ትሮጣለች፤ የሰፈሩ ውሾች መጀመሪያ ይጮኹባት ነበር፣ ኋላ ደክሟቸው ተዉት። ሰልዊንን ቢሮዋ አስቀምጣ ቃለ መጠይቅ አለማመደችው።

«ጠያቂህን ዓይን ዓይኑን እያየህ መልስ» አለችው።

«እኛ ጋ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው።»

«እሺ፣ አፍንጫውን እይ።»

ሰልዊን ሳቁን ዋጥ አድርጎ እሺ አላት። እሺ ማለት ነገር ያሳጥራል፤ ከመንግሥት ሰው ጋር የኖረ ሁሉ ይህን ያውቃል።

«ደግሞ አትፍራ» አለች ስትሸኘው፣ ፊቷ እያበራ። «ከጠያቂዎቹ አንዷ ዘመድህ ናት። ማን እንደሆነች አልነግርህም፤ እዚያው ስታያት ደስ ይበልህ።»

ሰልዊን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እዚህ ዘመድ ያልሆነ ማን አለ? አንዷ አክስቱ ትሆናለች ብሎ ተኝቶ አደረ።

በማግሥቱ ሬሊን የተኮሰችለትን ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አርሶ፣ ወደ ቢሮው ሄደ። ጠዋት ትሮይ የሚባለው ኳስ ተጫዋች ገብቶ ወጥቷል፤ የቀረው እሱ ነው። በሩ ጋ ደርሶ እጁን ለማንኳኳት ሲያነሣ በመስኮቱ በኩል አንድ አረንጓዴ የሱፍ ቆብ ታየው። ክው አለ። ያንን ቆብ የማያውቅ የለም። የዳልሲ ነው። ዳልሲ ደግሞ የሬሊን እናት ናት።

እንግዲህ በዚህ አገር አማትና አማች አይተያዩም። አይነጋገሩም፣ ስም አይጠራሩም፣ አንድ ጥላ ሥር አይቀመጡም። ጥል እንዳይመስላችሁ፤ ክብር ነው፣ ያውም ከክብር ሁሉ የከበደው። እሷ ሱቅ ውስጥ ካለች እሱ ውጭ ይጠብቃል፤ እሱ በመንገድ ሲመጣ ካየችው እሷ ፊቷን ወደ ዛፍ ታዞራለች። ሰልዊን ሬሊንን ካገባ ጀምሮ ከአማቱ ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጠም፣ ስለዚህም ነው እንዲህ ተዋድደው የኖሩት። ይህንን ለኢሞጀን የነገራት ሰው የለም። ማን ይነግራታል? ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ለሰው ይነገራል እንዴ?

ሰልዊን ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተወሸቀ።

ኢሞጀን በሩን ከፍታ «ሰልዊን! ሰልዊን!» ብላ ተጣራች። ስሙ ሲጠራ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ፤ አንድ ወንበርም ወደቀ። ዳልሲ ከዕጩዎቹ አንዱ ማን እንደሆነ የዚያን ጊዜ ነው ያወቀችው። የያዘችውን ብርድ ልብስ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ወይ ጉዴ! ወይ ውርደቴ!» እያለች ጠረጴዛው ሥር ልትገባ ምን ቀራት።

ኢሞጀን ሰልዊንን ታንከሩ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው።

«ምን ሆነህ ነው? እየጠበቁህ እኮ ነው!»

«አልገባም።»

«እንዴት አትገባም? ስንት ቀን ተለማምደን?»

«አልገባም አልኩሽ፣ ልጄ።» እንዴት ብሎ ያስረዳት? ስለ አማቱ አፉን ከፍቶ ማውራቱ ራሱ ነውር ነው። ኢሞጀን ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ሰልዊን ደግሞ ለእሷ አዘነ፣ ለራሱ አዘነ፣ ማዕድኑም ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

በዚህ መሀል የሬንጀሮቹ አለቃ ክላይቭ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ወጣ። ክላይቭ የሰሜን ሰው ነው፤ እዚህ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ አያውቅም፣ ወጉን ግን ያውቃል።

«አንቺ ልጅ፣ አማቱን እኮ ነው ያስቀመጥሽበት!»

«እና? ቤተሰቡ አይደሉም? ይረዱታል ብዬ ነው!»

«ከሷ ጋር ከሚያስቀምጡት እሳት ላይ ቢያስቀምጡት ይመርጣል።» ከዚያ ክላይቭ ሁሉንም አስረዳት። ኢሞጀን ፊቷ ደም መሰለ፤ ሰልዊንን ይቅርታ ጠየቀች፣ ክላይቭን ይቅርታ ጠየቀች፣ ታንከሩንም ሳትጠይቅ አልቀረችም።

ችግሩ ግን በይቅርታ አልተፈታም። ደንቡ ከጠያቂዎቹ አንዱ የአገሩ ሽማግሌ ይሁን ይላል፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎች በሙሉ ለለቅሶ ሩቅ መንደር ሄደዋል። ክላይቭ የመጣበት ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ዳልሲም ከብርድ ልብሷ ሥር ሆና «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!» እያለች ነው።

«እንግዲያው እንደ ወጋችን እናድርገው» አለ ክላይቭ።

ከቢሮው ጎን የመሣሪያ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ቤት አለ። ዳልሲን ከወዲያ በኩል፣ ሰልዊንን ከወዲህ በኩል፣ ሁለቱንም ጀርባቸውን ለቆርቆሮው አስደግፈው አስቀመጧቸው። ሬሊን ከምትሠራበት ሱቅ ተጠርታ መጣችና ሁለቱን በምታይበት ማዕዘን ላይ ከክላይቭ ጋር ተቀመጠች። ሲነግሯት መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች። ቀጥሎ ግን «የልጆቼን ቤት በቆርቆሮ ልትፈርዱበት ነው?» ብላ ተቆጣች። የዳልሲ ውሻም መጣ፤ ሳጅን ይባላል፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ነው። ዳልሲ አማቿ እንዲሰማ የምትፈልገውን ሁሉ የምትናገረው ለሳጅን ነው።

ክላይቭ ወረቀቱን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሥራ ባልደረባ ጋር አለመግባባት ቢፈጠር እንዴት ትፈታዋለህ?»

ሰልዊን አሰበ። «ዝም እላለሁ።»

«ካልተፈታስ?»

«ራቅ ብዬ ዝም እላለሁ።»

ከቆርቆሮው ወዲያ «ሳጅን፣ ይሄስ እውነቱን ነው፤ አያውቅበትም አይባልም» የሚል ድምፅ መጣ። ሬሊን አፏን በእጇ ያዘች።

«ሳጅን» አለች ዳልሲ ቀጥላ፣ «እስቲ ያንን ሰው ጠይቅልኝ። የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ግመል ሞቶ ቢያገኝ ምን ያደርጋል?»

ሰልዊን አንድ በአንድ ሰምቷል፤ ሆኖም ሬሊን ደግማ እስክትነግረው ጠበቀ። ወጉ ነው። «መጀመሪያ የቦታውን ባለቤቶች አስጠይቃለሁ» አለ። «እነሱ ሳይፈቅዱ እጄን አላስገባም። ከፈቀዱ በገመድ ጎትቼ አወጣለሁ፣ ጭቃውን እስከ ድንጋዩ እዝቃለሁ፣ ዳር ዳሩን አጥራለሁ።»

ሬሊን ለእናቷ ደገመችላት። ዳልሲ «እምም» አለች። ከዳልሲ አፍ እምም ማውጣት ቀላል አይምሰላችሁ፤ ትሮይ ጠዋት ያገኘው ማዛጋቷን ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥሩ ሄደ። የሰልዊን ልብ ቀስ በቀስ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ እንዲያውም ፀሐይዋ ደስ አለችው። ኋላ ክላይቭ ወረቀቱን አጠፈ። ራሱን አከከ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ። «ቡድኑ ያለው አንድ መኪና ነው። እማማ ዳልሲ በየሳምንቱ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ቦታውን የሚያሳዩን እሳቸው ናቸው። ሰልዊን ከገባ…» አልጨረሰውም።

መጨረስም አላስፈለገው። አማትና አማች በአንድ መኪና! ሬሊን አንገቷን ደፋች። ኢሞጀን እንኳ ገባት።

ሰልዊን አማቱ ስለዚያች መኪና ምን እንደሚሰማት ያውቃል። ሳምንቱን ሙሉ ጉልበቴን፣ ወገቤን እያለች የምታቃስት አሮጊት፣ የሬንጀሮቹ ቀን ሲደርስ ከሁሉ ቀድማ ቆቧን አጥልቃ ደጅ ትቆማለች። እናቷ የወለደቻትን ቦታ፣ በልጅነቷ የጠጣችበትን ውሃ የምታየው በዚያ መኪና ብቻ ነው። ስትመለስ ለሳምንት የሚበቃ ወሬ ይዛ ነው። ሬሊን ማታ ማታ ወሬውን ስታወራለት ሰልዊን ራሱ አብሮ የሄደ ይመስለው ነበር።

ቀይ ሜዳውን አንድ ጊዜ አየ። ከዚያ ሚስቱን ጠቀሳት።

«ለትሮይ ይስጡት በያቸው።»

«ምን?»

«እሷ ከመኪናዋ አትውረድ። እኔ ማዕድኑ ጋ እሄዳለሁ።»

«አብደሃል? ልጆችህስ? ቤትህስ?»

«ታዲያ እናትሽን ከአገሯ አውርጄ የማመጣው ደሞዝ በየት በኩል ይዋጥልኛል?» አለ።

ሬሊን መልእክቱን ልታደርስ አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት፣ ቃል አልወጣትም። መውጣትም አላስፈለገውም። ቆርቆሮ እኮ ነው፣ ግንብ አይደለም።

«ሳጅን!» ብላ ጮኸች ዳልሲ፤ ውሻው ከተኛበት ዘሎ ተነሣ። «ያንን ጅል ስማልኝ! ልጄን ከወሰደ ጀምሮ አንድም ቀን ሥጋ ሳይልክልኝ ቀርቶ አያውቅም። ከካንጋሮው የሚጣፍጠውን፣ ጭራውን ከነስቡ፣ ለኔ ነው የሚልከው። እሱ አጥንት ሲግጥ እንደኖረ የማላውቅ መስሎታል! አሁን ደግሞ አገሬን በሙሉ ለኔ ልኮ እሱ ማዕድን ሊገባልኝ ነው! አይሆንም በለው! ጠግቤያለሁ በለው!»

ሰልዊን ፊቱን በተተኮሰው ሸሚዝ እጅጌ ሸፈነ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ እንደ ልጅ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፣ አለቀሰም።

ዳልሲ ግን ገና አልጨረሰችም። «አንቺ ልጅ!» አለች ወደ ኢሞጀን ዞራ። «ያ ደጅሽ ላይ የቆመው ነጭ መኪና ምን ሥራ አለው?»

«ሥራ ፈላጊዎችን ለማጓጓዝ ነው፣ እማማ ዳልሲ።»

«ወዴት አጓጉዘሽ ታውቂያለሽ?»

ኢሞጀን አሰበች። «…ወደ ሥልጠና።»

«ሥልጠናውስ የት ነው?»

«እዚሁ ነው። ከመኪናው አጠገብ።»

ክላይቭ ሳል አስመስሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ጻፊኝ» አለች ዳልሲ። «ሥራ ፈላጊ ነኝ።»

«እርስዎ? ሰባ ዓመት አልፎዎት?»

«ሰባ ያለፈው ሥራ አይፈልግም ያለሽ ማነው? ለሬንጀሮቹ አገር ማሳየት እፈልጋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ሥራ ፈላጊ ማጓጓዝ ነው ሥራሽ። በይ አጓጉዢኝ!»

ኢሞጀን ዳልሲን አየች፣ መኪናውን አየች፣ ክላይቭን አየች። ክላይቭ «አገር አዋቂ በቀን መቅጠር እንችላለን፣ ደንቡ ላይ አለ» አላት። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ በሩጫ ወጣች። ዳርዊን ከተማ ካለችው አለቃዋ ጋር እጇን እያወናጨፈች ስትከራከር ከታች ሆነው አዩአት። ሬሊን ጥፍሯን በላች። ሰልዊን እግሩ ሥር ያለውን አፈር በጣቱ ሲጭር ቆየ። አንድ ጊዜ ኢሞጀን እግሯን መሬት ስትመታ አዩና ክላይቭ «ጎሽ፣ ይቺስ እኛን መስላለች» አለ።

እያለከለከች ወረደች። «ተፈቅዷል! ማለቴ… አይቻልም አላሉም!»

«ያው ነው» አለች ዳልሲ። «ሳጅን፣ ያንን ሰው ሥራውን አገኘህ በለው። ሲነዳ ደግሞ ቀስ ይበል።»

ሬሊን መልእክቱን ሳታደርስ ባሏ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሸሚዙ ያን ቀን አልሆነለትም፣ እንዳልነበር ሆነ።

ወደ ሩቁ የውሃ ጉድጓድ በሚሄዱበት በመጀመሪያው ጉዞ ቀን ሰልዊን የሬንጀሮቹን ላንድክሩዘር ያዘ። ከመነሣቱ በፊት የኋላ መመልከቻ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞረው፤ ከኋላ የምትመጣውን እንዳያይ። ከጎኑ የተቀመጠው የቡድኑ ነባር ባዚል «እንዴት ልትነዳ ነው ታዲያ?» ብሎ አላገጠ። ነጩ መኪና አቧራው እስኪበርድ ያህል ርቆ ይከተላል፤ ኢሞጀን ትነዳለች፣ ዳልሲ አጠገቧ ናት። ዳልሲ ማታውን በሬሊን በኩል ልካለች፦ መንገዱ የጠፋህ እንደሆነ ቁም፣ አንድ ጊዜ ጡሩምባ ካስነፋሁ ግራ፣ ሁለት ጊዜ ካስነፋሁ ቀኝ። ከተሳሳትክ ደግሞ እስክትመለስ ድረስ ይነፋል።

ሙልጋ የሚባሉትን ዛፎች አልፈው ጨው ሜዳው ጥግ ሲደርሱ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ከሁለቱም ላይ ዝናብ ዱካውን አጥቦታል። ሰልዊን መኪናውን አቆመ፣ መስኮቱን አወረደ፣ ጆሮውን ቀሰረ። ከኋላ ነጩ መኪናም እንደቆመ ከሞተሩ ድምፅ አወቀ።

ጡሩምባ የለም።

«ልጅቷ የጡሩምባው ቦታ ጠፋት መሰለኝ» አለ ባዚል።

ሰልዊን ጠበቀ። ላቡ መጣ። ዳልሲ ተኝታ ይሆን? ዳልሲ እዚህ ቦታ ላይ! ዓይኗን እንኳ አትጨፍንም። ጡሩምባውን ያላስነፋችው ማስነፋት ስላልፈለገች ነው። አንተው ፈልገው ማለቷ መሆኑ ገባው። ከመኪናው ወረደ፣ አፈሩን አየ፣ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ትንንሽ ወፎች በቡድን ሆነው ዝቅ ብለው ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀዩ ጉብታ ይበራሉ፤ ወፍ እንዲህ ዝቅ ብላ የምትበረው ወደ ውሃ ነው። ተመልሶ ገባና መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ።

ጆሮው ኋላ ኋላውን እያዳመጠ ነዳ። ቢሳሳት ያ ጡሩምባ አገር ምድሩን እንደሚያናጋው ያውቃል፤ ሴትዮዋን ያውቃታል። እሾሃማውን ሣር አለፈ፣ ደረቁን ወንዝ ተሻገረ። ከኋላው የሞተር ድምፅ ብቻ ነው። ጉብታውን ሲዞሩ ውሃው ከድንጋዮቹ መሀል ብልጭ አለ።

ሰልዊን ጥርሱን መክደን አቃተው።

«ምን ያስቅሃል?» አለው ባዚል።

«አመሰገነችኝ።»

«ማን? እኔ ምንም አልሰማሁም እኮ!»

«እኔም አልሰማሁም» አለ ሰልዊን፣ ለኋለኛው መኪና ቦታ ለመልቀቅ ወደ ማዶው ጥላ እየነዳ።